ለድርጭት መኖ ምን ይጨመር? ከዱቄቱ በፊት የሚሠራ ሂሳብ

ድርጭት ማርባት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ያነሳል። «እንቁላሏ እንዲበዛ መኖዋ ላይ ምን ልጨምርላት?» ይላል። መልስ የሚሰጥ አይጠፋም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይላል። ሌላው ጥቁር አዝሙድ፣ ሌላው የሽፈራው ቅጠል። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ጎራ ካለ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚበጠበጥ ዱቄት በፓኬት ይሰጠዋል። የሁሉም ተስፋ አንድ ነው፤ ትንሽ ጨምሮ ብዙ እንቁላል ማግኘት።

ከእነዚህ ምክሮች መካከል ሳይንስ የሚደግፋቸው አሉ። ምንም የማይጠቅሙ አሉ። ሰው የሚጎዱም አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። አብዛኛው አርቢ የሚጨመረውን የሚፈልገው መደበኛው መኖ ለድርጭት የሚበቃ መሆኑን ሳያጣራ ነው። የጎደለውን መኖ ደግሞ ምንም ዓይነት ዱቄት አይሞላውም።

ጉዳዩ አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት እንቁላልን በየቤቱ ደጃፍ የሚመረት ነገር አድርጎ አስተዋውቋል። ከዶሮው ጎን ለጎን በጠባብ ግቢ ድርጭት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ወፏ ትንሽ ናት፣ ብዙ ቦታ አትፈልግም፣ ቶሎ ትደርሳለች። ለድርጭት ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ መኖ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የዶሮ መኖ ይገዛል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ወፏን እንያት። በእርባታ የምትገኘው በአብዛኛው የጃፓን ድርጭት የምትባለው ዝርያ ናት። እንቁላሏ ከ17 እስከ 18 ቀን ታቅፎ ይፈለፈላል። በ6 ሳምንቷ ገደማ መጣል ትጀምራለች። በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ250 እስከ 300 እንቁላል ትሰጣለች። ክብደቷ 150 ግራም አካባቢ ነው። እንቁላሏ ግን ከ10 እስከ 12 ግራም ይመዝናል። ይህ ማለት ከራሷ ክብደት 7 ወይም 8 በመቶ የሚሆን ነገር በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሰውነቷ ታወጣለች። የዶሮ እንቁላል ከዶሮዋ ክብደት 3 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለሰውነቷ ሲታይ ድርጭት ከዶሮ በእጥፍ በላይ ትሠራለች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምትሠራው በቀን ከ20 እስከ 25 ግራም መኖ በልታ ነው። ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ በዚህች ጥቂት መኖ ውስጥ መገኘት አለበት።

እስከ ዛሬ ብዙ ባለሙያ የሚመለከተው የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን መለኪያ ነው። ለምትጥል ድርጭት መኖው 20 በመቶ ፕሮቲንና 2.5 በመቶ ካልሲየም ይኑረው ይላል። ጉልበቱ በኪሎ 2900 ኪሎ ካሎሪ ይሁን ይላል። ለጫጩቶች ፕሮቲኑ ወደ 24 በመቶ ከፍ ይላል፣ ካልሲየሙ ደግሞ 0.8 በመቶ ብቻ ነው።

አሁን የሌየር መኖ፣ ማለትም የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ፣ ሰጠናት እንበል። ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 17 በመቶ ነው። በቀን 23 ግራም ብትበላ የምታገኘው 3.8 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው። የሚያስፈልጋት 4.6 ግራም ነው። የጎደለው 0.8 ግራም ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ የድርጭት እንቁላል ውስጥ ያለው ፕሮቲን በጠቅላላው 1.3 ግራም አካባቢ ነው። በየቀኑ ከግማሽ እንቁላል በላይ የሚሆን ፕሮቲን ጎደለባት ማለት ነው። እሷም መጀመሪያ እንቁላሏን ታሳንሳለች። ከዚያ ቀን መዝለል ትጀምራለች። አርቢው ይህን ሲያይ «ቫይታሚን አንሷታል» ይላል። ያነሳት ግን መኖ ነው።

«እንግዲያውስ የሥጋ ዶሮ ስታርተር፣ ማለትም የጫጩት መጀመሪያ መኖ፣ ልስጣት፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነው» የሚልም አለ። እውነት ነው፣ ፕሮቲኑ 22 በመቶ ይደርሳል። ካልሲየሙ ግን 1 በመቶ ገደማ ነው። 23 ግራም ውስጥ 0.23 ግራም ካልሲየም ይገኛል። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው 0.33 ግራም ገደማ ይፈልጋል። የበላችው ካልሲየም ሁሉ ደግሞ ወደ ደሟ አይገባም። ስለዚህ ከአጥንቷ ትበደራለች። ለጥቂት ቀን ይሠራል። ከዚያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ አንዳንዱ ያለ ቅርፊት ይወጣል፣ እግሯ ይደክማል፣ በመጨረሻም መጣል ታቆማለች።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ስታርተሩን ይዞ በደንብ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለምትጥለው ወፍ ማከል ይቻላል። ወይም የሌየር መኖውን ይዞ በተቆላ አኩሪ አተር ፕሮቲኑን ማሳደግ ይቻላል። አኩሪ አተሩ ጥሬውን መሆን የለበትም፤ ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር በውስጡ አለ፣ የሚያጠፋው እሳት ነው። ጫጩቶችን ግን ከሌየር መኖ ማራቅ ያስፈልጋል። መጣል ላልጀመረች ወፍ ያን ያህል ካልሲየም ኩላሊቷን ይጎዳል።

ከመኖ ውጭ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ጽሑፉ ይጎድላል። ብርሃን ነው። ድርጭት በደንብ እንድትጥል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። በእኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ፈቅ አይልም። አንድ አነስተኛ አምፖል ጠዋትና ማታ በቋሚ ሰዓት ማብራት ብዙ ፓኬት ዱቄት የማያመጣውን ለውጥ ያመጣል። ውሃም እንደዚሁ ነው። የምትጠጣው ከምትበላው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ለግማሽ ቀን የተቋረጠ ውሃ በማግስቱ ባዶ መሰብሰቢያ ሆኖ ይታያል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ወደሚጨመረው እንምጣ። ያኔ ጥያቄው ተገቢ ይሆናል።

የመኖ ተጨማሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዕፅዋትና ቫይታሚን ነው። በሥራ ግን ትልቁን ድርሻ የያዙት ማንም የማያወራላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በፋብሪካ የሚመረቱት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች፣ ናቸው። በቆሎ ላይሲን ያንሰዋል። የኑግ ፋጉሎም ላይሲን ያንሰዋል። አኩሪ አተር ላይሲን ቢኖረውም ሜቲዮኒን ያጥረዋል። የምትጥል ድርጭት ከመኖዋ 1 በመቶ ላይሲንና 0.45 በመቶ ሜቲዮኒን ትፈልጋለች። በቆሎ፣ ፋጉሎና ፉርሽካ ብቻ ቀላቅሎ ይህን መድረስ ከባድ ነው። ፕሮቲኑ በወረቀት 20 በመቶ ሊሆን ይችላል። ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ ካነሰ ግን የቀረው ፕሮቲን በከንቱ ይቃጠላል። በ100 ኪሎ መኖ ውስጥ 100 ግራም ገደማ ሜቲዮኒን የሚያመጣው የእንቁላል ክብደት ለውጥ በግልጽ ይታያል።

ሁለተኛው ፋይቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል። የወፍ ሆድ ይህን እስር በደንብ መፍታት አይችልም። ፎስፈረሱ ከኩስ ጋር ይወጣል። ፋይቴት ካልሲየምና ዚንክንም አብሮ ይዞ ይሄዳል። ፋይቴዝ እስሩን ይፈታል። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን መጀመሪያ በሰፊው የገባው ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። እዚያ የእንስሳት ፍግ ውሃና መሬት እየበከለ ስለነበር መንግሥት ፎስፈረስን መቆጣጠር ጀምሮ ነበር። አካባቢን ለመጠበቅ የመጣው ነገር በኋላ የመኖ ወጪ መቀነሻ ሆነ። እኛ አገርም ለፎስፈረስ ተብሎ የሚገዛውን የአጥንት ዱቄት መቀነስ ለሚፈልግ መኖ አቀናባሪ ይጠቅማል። በቤቱ 50 ድርጭት ላለው ሰው ግን ለብቻው ገዝቶ መቀላቀል አይመከርም፤ መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ እኩል አይዳረስም። ፕሪሚክስ በሚባለው፣ ቀድሞ በተቀላቀለ የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ውስጥ ገብቶ መምጣት አለበት።

ወደ ጤና ስንመጣ ትልቁ ቦታ አንጀት ነው። ድርጭት በጠባብ ቦታ በብዛት ስለምትያዝ ኩሷና መኖዋ ይነካካሉ። ኮክሲዲዮሲስ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ በሽታ አለ። በአንጀት ቁስለት የሚገድል ክሎስትሪዲየም ኮሊነም የሚባል ባክቴሪያም አለ። በሽታው በድርጭቶች ላይ በብዛት ስለታወቀ በእንግሊዝኛ የተለመደ ስሙ «የድርጭት በሽታ» ነው። ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ የሚባሉት ባክቴሪያዎችም አይቀሩም።

እዚህ ላይ ፕሮባዮቲክ የሚባሉት ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያን ይመጣሉ። ታሪካቸው ያስደስተኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 ፊንላንድ ውስጥ በዶሮ እርባታዎች ከባድ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ተነሳ። ኑርሚ እና ራንታላ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። በንጹሕ ማሽን የተፈለፈለ ጫጩት ከእናቱ ምንም ጠቃሚ ተሕዋስ አያገኝም። አንጀቱ ባዶ ሜዳ ነው፤ ቀድሞ የገባ ይወርሰዋል። ከጤናማ አውራ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ነገር ለጫጩቶች ሲሰጧቸው ሳልሞኔላን ተቋቋሙ። ይህን በ1973 አሳተሙ። ዛሬ በገበያ ያለው ፕሮባዮቲክ ብዙው የዚህ ሐሳብ ዘር ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ተግባራዊ ትምህርት ይወጣል። ፕሮባዮቲክ በደንብ የሚሠራው መጀመሪያ ሲደርስ ነው። ጫጩቱ በተፈለፈለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ወይም ወፏ አንቲባዮቲክ ወስዳ ከጨረሰች በኋላ። ጤናማ ሆና በደንብ ለምትጥል ትልቅ ወፍ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም አይታይም። በድርጭት ላይ የተሠሩት ጥናቶች የተለያየ ውጤት የሚያሳዩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ንጹሕ የዩኒቨርሲቲ ቤት ውስጥ ያለች ወፍ ብዙ ጠላት የላትም፤ መከላከያው ሥራ አያገኝም። በሽታ የበዛበት ቤት ውስጥ ልዩነቱ ይሰፋል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር አብዛኛው ፕሮባዮቲክ ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓኬት የሞተ ፓኬት ነው። ክሎሪን የበዛበት የቧንቧ ውሃም ይገድለዋል። ላክቶባሲለስ የሚባለው የፕሮባዮቲክ ዘር ሙቀት አይችልም። ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለው ዘር ግን በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ የመኖ ማሽን ሙቀትንም ያልፋል። ለእኛ አገር የማከማቻ ሁኔታ የሚመቸው እሱ ነው። የእርሾ ግድግዳ ከሚባለው የሚሠራው ሌላ ዓይነት ደግሞ ሕያው አይደለም። ሥራው ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ አንጀት ላይ ከመለጠፋቸው በፊት ራሱ ላይ እንዲለጠፉ ማድረግ ነው። ከእሱ ጋር ተያይዘው ከኩስ ጋር ይወጣሉ።

ዕፅዋቱ ጋ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ እጃችን ላይ ያሉ ናቸው። ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን አለ። ጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል አለ። እነዚህ በላቦራቶሪ ባክቴሪያ ሲያዳክሙ በተደጋጋሚ ታይቷል። በሚጥሉ ወፎች ላይ ጥቁር አዝሙድ ብዙ ጊዜ የተሞከረው ከመኖው 1 ወይም 2 በመቶ ሆኖ ነው። በዚህ መጠን በአንዳንድ ሙከራ የእንቁላል ቁጥርና የቅርፊት ውፍረት ሲያሻሽል፣ የአስኳል ኮሌስትሮል ሲቀንስ ታይቷል። በሌላው ምንም አልታየም። እኔ የምለው፣ ጥቁር አዝሙድ የሚሠራ ነገር አለው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ለወጥ ቤት እንኳ የሚቸግር ቅመም ለወፍ መስጠት የሚያዋጣው ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን ፋጉሎ በርካሽ ማግኘት ለሚችል ሰው ነው።

ነጭ ሽንኩርት ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሚፈለገው አሊሲን የሚባለው ነገር ሽንኩርቱ ሲደቆስ በዚያው ቅጽበት የሚፈጠር ነው። ወዲያው ከተቀቀለ አይፈጠርም። ደርቆ ለወራት ከተቀመጠም ይዳከማል። ስለዚህ የደቀቀ ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ውሃ ውስጥ ማድረግና በማሸጊያ የመጣ አሮጌ ዱቄት መስጠት አንድ አይደሉም። ሲበዛ ደግሞ ሽታው እንቁላሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሽፈራው ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። ኮንሶና ጋሞ ላይ በየጓሮው የሚበቅለው የራሳችን ዝርያ ነው፤ ቅጠሉ ለሰው ምግብ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የደረቀው ቅጠል ከሩብ በላይ ፕሮቲን ይኖረዋል። ቢጫ ቀለም የሚሰጡ ንጥረ ነገሮችም በብዛት አሉት። ስለዚህ በትንሹ ጥሩ ነው። ግን «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ብሎ ማብዛት ስህተት ነው። በዶሮዎች ላይ ከመኖው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን የእንቁላል ምርት ሲወርድ ታይቷል። ቃጫው ብዙ ነው፣ ጉልበቱ አነስተኛ ነው። በቀን 23 ግራም ብቻ ለምትበላ ወፍ ደግሞ ሆዷን በቅጠል መሙላት ቦታ ማባከን ነው።

የአስኳል ቀለም ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ገዢ ደማቅ አስኳል ይወዳል። አገራችን ላይ በብዛት የሚመረተው በቆሎ ነጭ ነው፤ አስኳልን የሚያቀልመው ንጥረ ነገር ያለው ቢጫው ውስጥ ነው። ስለዚህ በነጭ በቆሎ የተያዘች ወፍ አስኳሏ ቢገረጣ የሚገርም አይደለም። የተፈጨ ቀይ በርበሬ ያደምቀዋል። ወፎች የበርበሬን ማቃጠል አይሰሙም፤ ቃጠሎውን የሚቀበለው የነርቭ ክፍል በእነሱ ዘንድ ከእኛ የተለየ ነው። የሚሰጠው ግን ዛላው ብቻ ተፈጭቶ መሆን አለበት። ለወጥ የተሰናዳው በርበሬ ጨው ስላለው ለድርጭት አይሆንም። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ውስጡ ያለው ጎሲፖል አስኳሉን ወደ አረንጓዴ ይለውጠዋል።

ደማቅ አስኳል የተሻለ ምግብ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቻይና ውስጥ ዳክዬዎች ሱዳን የሚባለውን የኢንዱስትሪ ቀለም ከመኖ ጋር ሲበሉ ተገኝተዋል። ዓላማው አስኳሉን ቀይ አድርጎ በውድ መሸጥ ነበር። ቀለሙ ለጫማና ለሰም የሚሆን፣ በካንሰር የሚጠረጠር ነው። ገዢ በቀለም ብቻ ሲመርጥ ሻጭ ወዴት እንደሚገፋ ያሳያል።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝን ላንሳ። ሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር ጥፋቱ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ውስጥ ተገኘ። ሻጋታው የሠራው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባና አካባቢዋ የወተት ላሞች መኖ ሲመረመር አፍላቶክሲን በስፋት ተገኝቷል፤ ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ወጣ። ጉዳዩ በ2008 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን የአዲስ አበባ ሰው ለጊዜው ወተት ፈርቶ ነበር። ያው ፋጉሎ ወደ ወፎች መኖም ይገባል።

አፍላቶክሲን ወፏን በአንድ ቀን ላይገድል ይችላል። ጉበቷን ይመታል። የአስኳል ስብ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ስለሆነ እንቁላሉ ያንሳል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። በሽታ የመከላከል አቅሟ ይደክማል፣ ክትባትም በደንብ አይይዛትም። አርቢው መድኃኒት ይለዋውጣል፤ መርዙ በየቀኑ በመኖው ይቀጥላል።

ለዚህ የሚሸጥ ተጨማሪ አለ። ቤንቶናይት የሚባለው ሸክላ አፍላቶክሲንን አንጀት ውስጥ ይዞ በማስወጣት ጥሩ ይሠራል። ይህ በብዙ ሙከራ የተረጋገጠ ነው። ሌሎች የሻጋታ መርዞችን ግን እምብዛም አይዝም። ፓኬቱ ላይ «ሁሉንም መርዝ ያስወግዳል» የሚል ካለ አትመኑ። ከእሱ በፊት የሚመጣው ፋጉሎውን ሲገዙ ማሽተት፣ የጓጎለውን መመለስ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ማስቀመጥ፣ በክረምት ለወራት የሚሆን አለማከማቸት ነው።

ሙቀትም የራሱ ተጨማሪዎች አሉት። ቱርክ ውስጥ ኤላዚግ ከተማ ያለው የፊራት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድርጭቶችን በ34 ዲግሪ ሙቀት እያቆዩ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ክሮሚየምና ዚንክ ለዓመታት ሞክረዋል። በሙቀት የተጨነቀች ወፍ በእነዚህ ስትታገዝ የተሻለ እንደምትበላና እንደምትጥል አሳይተዋል። ወፍ ቫይታሚን ሲን ራሷ ትሠራለች፤ ሙቀት ሲበረታ ግን የምትሠራው አይበቃትም። ስለዚህ ድሬዳዋ፣ አዋሽ ወይም ጋምቤላ ላለ አርቢ ይህ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ደብረ ብርሃን ላለ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። እዚያ የሚገድለው ብርድ ነው። የአንድ ቀን የድርጭት ጫጩት 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ይህን የሚሰጥ ቫይታሚን የለም።

የቀረው ያ በፓኬት የሚሸጠው ዱቄት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቫይታሚን ብቻ የሆኑ አሉ። ብዙዎቹ ግን ቫይታሚን ከኦክሲቴትራሳይክሊን ጋር የተቀላቀለባቸው ናቸው። ኮሊስቲን ያለባቸውም አሉ። አንቲባዮቲክ ናቸው። አርቢው ይህን አያውቅም፤ ፓኬቱ ላይ የእንቁላል ሥዕል ስላለ ብቻ ይገዛል።

አንቲባዮቲክ በመኖ መስጠት የተጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነው። ጫጩቶች በትንሽ መጠን ሲሰጣቸው ቶሎ እንደሚያድጉ ታየ። ዓለም ተቀበለው። ዋጋው በኋላ መጣ። ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ለመዱት። ስዊድን በ1986 ለማሳደጊያ መጠቀምን ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 ጥር መጀመሪያ ጀምሮ ከለከለ። ቻይናም በ2020 ተከተለች። በ2019 ዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው የሞተው በቀጥታ መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሆነ ተገምቷል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ግርሻና ተስቦ እኛ ዘንድ የሚታከሙት በዚሁ በቴትራሳይክሊን ቤተሰብ መድኃኒቶች ነው። ኮሊስቲን ደግሞ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ሐኪም የሚይዘው የመጨረሻ መድኃኒት ነው። እነዚህን እንቁላል ለማብዛት መበጥበጥ ከልብ ያሳዝነኛል። የታመመች ወፍን በሐኪም ትእዛዝ ማከም ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አልቃወምም። በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ግን እንቁላሉ መሸጥ የለበትም። አስኳል በአንድ ቀን አይሠራም። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለቀናት እየወጣ ይቆያል።

በድርጭት እንቁላል ላይ ይህ የበለጠ የሚያሳስበው ሰዎች እንደ መድኃኒት ስለሚገዙት ነው። ለስኳር፣ ለአስም፣ ለደም ግፊት ይሆናል እየተባለ ይሸጣል። ጥሬውን የሚውጡ አሉ። «ድርጭት ሳልሞኔላ አይዛትም» ይባላል። ስህተት ነው፣ ይይዛታል። ጥሩ ምግብ ነው፣ እንደ ዶሮ እንቁላል ሁሉ። ተቀቅሎ ይበላ።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን ወሬ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ድርጭት ፈዋሽ ናት የሚል ወሬ ናይሮቢን ሞላው። ሰው ብድር ገብቶ ማርባት ጀመረ። በውድ ይሸጥ የነበረው እንቁላል በ2014 ገዢ አጣ። ብዙዎች ከሰሩ። የከሰሩት እንቁላል ስላነሳቸው አልነበረም፤ ወጪያቸውና ገበያው ስላልተገናኘ ነው። ለዚህ ነው ስለ ተጨማሪ ሲወራ ሂሳቡን ወደ ብር መመለስ የሚያስፈልገው።

ለምሳሌ 100 የሚጥሉ ድርጭቶች በወር 69 ኪሎ ገደማ መኖ ይበላሉ። የሚጨምሩት ነገር በአንድ ኪሎ መኖ 5 ብር ቢያስወጣ፣ በወር 345 ብር ነው። እንቁላሉ 10 ብር ቢሸጥ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ በወር 35 ተጨማሪ እንቁላል ያስፈልጋል። በቀን ከአንድ ትንሽ በለጥ ይላል። ዋጋዎቹ ለማስረዳት ያህል ናቸው፤ የራስዎን ያስገቡ።

ያ አንድ እንቁላል ግን በዱቄቱ መጣ ወይስ በአየሩ? ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ቤቱን ሁለት ላይ መክፈል ነው። እድሜያቸው እኩል የሆኑ ወፎች፣ አንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከአንድ ጆንያ የወጣ መኖ። ለአንዱ ወገን ብቻ ይጨመር። ለ4 ሳምንት በየቀኑ ቁጥሩ ይጻፍ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ እንቁላሉ በደርዘን ይመዘን። ወገኖቹ አሥር አሥር ወፍ ከሆኑ ብዙ አይነግርም፤ አንዲት የታመመች ወፍ ብቻዋን ውጤቱን ትለውጠዋለች። ሃምሳ ሃምሳ ቢሆኑ ይሻላል። የመጀመሪያው ሳምንት አይቆጠርም፤ ወፏ አዲስ ነገር እስክትለምድ ነው።

ሻጩንም መጠየቅ ይገባል። በውስጡ ምን ምን አለ? በ100 ግራም ስንት ነው? መቼ ያልቃል? የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 የወጣው ይህን መሰል ምርት እየተመዘገበና እየተጣራ እንዲሸጥ ነው፤ ዛሬ ሥራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። የይዘት ዝርዝር የሌለውን ፓኬት መልሱለት። አራቱ ሳምንታት አልቀው በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት ካልታየ ደግሞ፣ ለዱቄቱ ይወጣ የነበረው ብር ለተቆላ አኩሪ አተር ይዋል።